ጋላክሲ የሚያጠፋው ሽማግሌ

አንድ ጋላክሲ በአንድ ቡጢ ለማጥፋት ስንት ጉልበት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ይህን የምለው ልኮራባችሁ ፈልጌ አይደለም። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ስኳር በሽታ አለብኝ፤ የምተዳደረው ጅቡቲ ወደብ ላይ የሰው ኮንቴይነር በማስለቀቅ ነው። እንዲህ ያለው እውቀት ለምንም እንደማይሆነኝ ከእናንተ በፊት ባለቤቴ ነግራኛለች። እሷም ቢሆን ሁሉን አላወቀችም። ይኸው እውቀቴ የእህቴን ልጅ ትዳር ገና ሳይጀመር ሊያፈርሰው ምንም አልቀረውም ነበር።

ጥፋቱ የጃፓን ካርቱን ነው፤ አኒሜ የሚሉት። ሟች እህቴ አደራ ብላኝ የሄደችው ልጇ ሔኖክ ትንሽ ሳለ፣ ብቻውን ከሚያይ ብዬ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። እሱ አደገና ተወው። እኔ እዚያው ቀረሁ። በተለይ ካሙዛኪ የሚባል ብርማ ፀጉር ያለው ጎረምሳ ልቤን ወሰደው። ይህ ካሙዛኪ አንድ ቀን ተቆጥቶ አየሩን በቡጢ ሲመታ፣ ሰማይ ላይ ያሉት ከዋክብት በሙሉ ለሁለት ሴኮንድ ተኩል ድርግም ይላሉ። ሌላው ተመልካች እዚህ ላይ «ጎሽ» ብሎ ወደ ራቱ ይሄዳል። እኔ ግን ፈርሰው ነው ወይስ ተሸፍነው፣ ከፈረሱስ ስንት ናቸው፣ ምን ያህልስ ይመዝናሉ እያልኩ ወረቀት አወጣሁ። ክብደት ማስላት እንጀራዬ ነው። ኮንቴይነር የሚያሰላ ሰው ኮከብን የማያሰላበት ምክንያት አልታየኝም፤ ልዩነቱ የዜሮው ብዛት ብቻ ነው።

እንደኔ ያሉ ሌሎችም አሉ። ጅቡቲ፣ ድሬዳዋና ጅዳ የተበተንን፣ በአማርኛ የምንጨቃጨቅ ጥቂት ሰዎች ስልክ ላይ አንድ ቡድን አለን። በእውነተኛ ስሙ የሚጽፍ የለም፤ የሚጽፍ ቢኖርም አላምነውም። እኔ «ዓቃቤ ጋላክሲ» ነኝ። ዓመታት ሙሉ ተከብሬ ኖርኩ። ከዚያ «ባርኔጣው» የሚባል ሰው መጣብኝ።

የባርኔጣው ክርክር ይህ ነው። ካሙዛኪ ቡጢውን ሲሰነዝር ከበስተኋላው ኮረብታ ላይ አንድ አዛውንት ተቀምጧል። ከዋክብቱ ጠፍተው ሲመለሱ አዛውንቱ እዚያው ነው፤ ባርኔጣውም ራሱ ላይ ነው። ጋላክሲ የሚያጠፋ ቡጢ የአንድ አዛውንት ባርኔጣ ሳይጥል ያልፋል ወይ? አያልፍም፤ እንግዲያውስ የካሙዛኪ አቅም ቢበዛ አንዲት ፕላኔት ናት፣ እሷም ትንሽ ከሆነች። እኔ ደግሞ ካሙዛኪ ኃይሉን እየመረጠ ይልከዋል ብዬ መለስኩ። እሱ፣ ከባድ ነገር ሲንቀሳቀስ አጠገቡ ያለውን ሳያነቃንቅ አይሄድም አለ። እኔ «አንተ ደንቆሮ» አልኩ። እሱ «አንተ ዜሮ ሻጭ» አለኝ። እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት ከረምን። አንድ ቀን የደንበኛዬን የስንዴ ክብደት ቅጽ ላይ ስሞላ በቶን ፋንታ በፀሐይ ክብደት ልጽፈው ነበር።

በዚህ መሃል ሔኖክ ልጅ ወደደ። ፌቨን ትባላለች፤ እዚሁ ጅቡቲ ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ አቶ ተፈራ ከድሮው ባቡር ጥገና ቤት በጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ቁጥብ ሰው ናቸው ተባልኩ። ነገሩ ሁሉ ደህና ሳለ የሔኖክ መሥሪያ ቤት ወደ ድሬዳዋ አዛወረው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ደግሞ ሦስት ዓርብ ቀርቶታል። ጾም ከገባ ሠርግ የለም። አባትየው ከዚያ በፊት እሺ ካላሉ ልጁ ብቻውን ሊሄድ ነው፤ ብቻውን ሄዶ ስንቱ በዚያው እንደቀረ እኔም እሱም እናውቃለን። ፊቱ በሳምንት ውስጥ ከሳ። ለእህቴ የገባሁት ቃል ትዝ እያለኝ እኔም አብሬው ከሳሁ፤ ሐኪሜ ብቻ ደስ አለው።

ሽማግሌ ተመረጠ። ንስሐ አባታችን መምሬ ገበየሁ፣ ካርቲየ 5 ሱቅ ያላቸው ጋሽ በላቸው፣ ሦስተኛ ደግሞ አሳዳጊው እኔ። እዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነ ሽምግልና የሚኬደው ዓርብ ነው። ያን ዓርብ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ከጣልኩ በኋላ፣ ጫማዬን ሳላስር፣ ለባርኔጣው አንድ መልእክት ሰደድኩለት። «ጋላክሲዋ ጠፍታለች። ለሁለት ሴኮንድ ተኩል ጠፍታለች። ይህን ማየት ያቃተው ዓይን ይዘህ ቀኑን ሙሉ እዚህ ተጥደህ የምትውለው፣ ቤትህ ውስጥ የሚያናግርህ ሰው የለህም እንዴ?» የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። በጣም ወደድኳት። ደስ እያለኝ ወጣሁ።

ሦስታችን ሜኔሊክ አደባባይ ተገናኝተን ወደ ካርቲየ 4 ገባን። ቄስና ሁለት ነጠላ የለበሱ ሰዎች በዚያ ሙቀት በቀጭኑ መንገድ ተከታትለን ስንሄድ በር ላይ የተቀመጠች ሶማሌ ጎረቤት ማን ሞተ ብላ ጠየቀችን። ጋሽ በላቸው በሶማሊኛ ሠርግ ነው አሏት። ፊታችንን አየችና አላመነችም።

አቶ ተፈራ ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ ስልካቸውን ይዘዋል። ቁጭ በሉ አሉን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን፤ ደንቡ ነው። ግድ የለም ቁጭ በሉ አሉ። የጋሽ በላቸው ጉልበት ደንቡን አፍርሶ ተቀመጠ፤ ተከተልናቸው። ፌቨን ለስላሳ አቅርባ ወደ ጓዳ ገባች። መምሬ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አቶ ተፈራ እጃቸውን አነሱ።

«ይቅር ይበሉኝ መምሬ፣ ዛሬ ልቤ ቦታው የለም። አንድ ባለጌ ጠዋት በዚህ ስልክ የጻፈልኝ ነገር ደሜን አፍልቶታል። ሽማግሌዎች አይደላችሁ? እስቲ ስሙና ፍረዱኝ።»

ከዚያ ስለ ካሙዛኪ ማስረዳት ጀመሩ።

ሰውነቴ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ፤ ካርቲየ 4 ውስጥ ያለ ቬንቲላተር የቀዘቀዝኩት ያን ዕለት ብቻ ነው። መምሬ ከዋክብቱን የሚያጠፋው የየት አገር ሰው ነው አሉ። ካርቱን ነው ተባሉ። መምሬ ይህንን ጥቂት አሰቡበትና፣ ከሆነስ ማን ፈቅዶለት ነው ብለው ጠየቁ። ጋሽ በላቸው ካሙዛኪ የልጅቷ ሌላ ጠያቂ መስሏቸው ኖሮ በጆሮዬ፣ የምን ሥራ አለው ልጁ አሉኝ። እኔ ለስላሳዬን ይዤ ወለሉን አያለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «አንተ ደንቆሮ» ስለው የኖርኩት ሰው ከፊቴ ተቀምጧል፤ አሁን «እርስዎ» እያልኩ ልጁን ልለምነው ነው።

አቶ ተፈራ መነጽራቸውን አድርገው መልእክቴን ማንበብ ጀመሩ። «ጋላክሲዋ ጠፍታለች። ለሦስት ሴኮንድ ጠፍታለች...»

«ሁለት ተኩል» አልኩ።

አፌ ነው የተናገረው። እኔ አልፈቀድኩለትም። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከሦስት ሁለት ተኩል ይሻላል ብዬ ነው ዓይነት ነገር አጉተመተምኩና፣ ስኳር እንዳለብኝ ረስቼ ለስላሳውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። አቶ ተፈራ ከመነጽራቸው በላይ ጥቂት ተመለከቱኝ። ከዚያ ቀጠሉ። የመጨረሻው አረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ጓዳው በር አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መምሬና ጋሽ በላቸው አልሰሙትም። እኔ በቃሌ ስለማውቀው ሰማሁት። ጠዋት የወደድኳትን አረፍተ ነገር በእሳቸው አፍ ስሰማት ጠላኋት።

ፍርድ ተጠየቅን። መምሬ ያልተቆነጠጠ ልጅ ነው አሉ። ጋሽ በላቸው ጨምረው እናቱንም ነካ አደረጓት። ተራው እኔ ጋ ደረሰ፤ ሦስቱም ያዩኛል። «አሳዳጊ የበደለው ነው» አልኩ። አባቴን በሆዴ ይቅርታ ጠየቅሁት።

አቶ ተፈራ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ልጅቷ ግን ላስብበት፣ ሳምንት ተመለሱ አሉን። ሔኖክ የመንገዱ ጫፍ ላይ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሳምንት ነው ስለው የሚይዘው አጥቶ የሱቁን በር ያዘ።

ያን ሳምንት ዘዴ ቀየስኩ። ሰውየው የተከፋው በካሙዛኪ ነው፤ እንግዲያው በካሙዛኪ ላስደስተው። በዓቃቤ ጋላክሲ ስም፣ የሚያውቁኝ ሁሉ እያዩ፣ «ልክ ነህ። ፕላኔት ነው። ተሸንፌያለሁ፤ ስለ ጻፍኩትም ይቅርታ» ብዬ ላክሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም። ከጅዳ አንዱ የሐዘን መግለጫ ላከልኝ። ለእህቴ ልጅ ስል ዋጥኩት።

በሁለተኛው ዓርብ የጠበቅሁት ደስተኛ አባት ነበር። በሩን የከፈቱልን ሰው ግን ጺማቸውን አልተላጩም፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ተደፍቷል። የለስላሳውን ጠርሙስ ራሳቸው ከፈቱና ብርጭቆው ውስጥ መቅዳት ረሱ። መምሬ ጉዳያችንን አነሱ። አቶ ተፈራ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ባለጌ ተወኝ» አሉ። «ፕላኔት ነው ብሎ እጁን ሰጠ። አምስት ቀን ሆነው፣ ምንም አልጻፈም። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አልመሰለኝም ነበር።»

ምን ልበል? ምናልባት እውነቱ ገብቶት ይሆናል አልኩ። እውነት ሳይሆን ፍርሃት ነው አሉኝ ቆጣ ብለው። ከዚያ ላስብበት፣ ሳምንት ተመለሱ አሉን። ጋሽ በላቸው መንገድ ላይ፣ ይህ ሰው ልጁን ለካሙዛኪ ሊድርልን ነው አሉ። መምሬ አልሳቁም። አንድ ዓርብ ብቻ ቀርቶናል።

ሔኖክ ያን ሳምንት አላናገረኝም። ምን እንዳደረግሁ አያውቅም፤ የሆነ ነገር እንዳደረግሁ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ፊቴን ማንበብ ይችላል። የድሬዳዋ ሻንጣውን ሳሎን መሃል ከፍቶ አንድ ሸሚዝ ይጨምራል፣ አንድ ሸሚዝ ያወጣል። ባለቤቴ ሻንጣውን ታያለች፣ እኔን ታያለች። እኔ የማደርገው ቢጠፋኝ የማውቀውን አደረግሁ። ስልኬን አንስቼ፣ ሽንፈቴን አንስቻለሁ፣ ጋላክሲ ነው፣ ይኸው አዲስ ስሌት ብዬ ላክሁ። ሰዓት ሳይሞላ ባርኔጣው አሥራ አራት መልእክት መለሰልኝ። «ደንቆሮ» በአምስቱ ውስጥ አለች። ዕለቱን ሙሉ ስንሰዳደብ ዋልን። ባልዋሽ ደስ ብሎኛል።

በሦስተኛው ዓርብ መምሬ ገበየሁ አደባባዩ ላይ አቆሙን። ሁለት ጊዜ እንዲሁ አልተመለስንም አሉ። ከሦስታችን አንዱ ከዚያ ቤት ጋር ቅያሜ አለው፤ ቅያሜ ይዞ የሰው ደጅ የቆመ ሽማግሌ መንገድ ይዘጋል፤ ያለበት ካለ እዚሁ ይናገር አሉና ከአንዳችን ወደ አንዳችን ተመለከቱ። ጋሽ በላቸው ደረታቸውን ነፍተው ከማንም ጋር ቂም የለኝም አሉ። እኔ ጫማዬን አየሁ። የለኝም አላልኩም፤ አለኝም አላልኩም። ንስሐ አባቴ ፊት እንዲህ ስሆን የመጀመሪያዬ ነው።

አቶ ተፈራ ተላጭተው፣ ሽቶ ተቀብተው ጠበቁን። ወንበሮቹ ቀድመው ተደርድረዋል። ሰውዬው ተመለሰ አሉኝ ገና በሩ ላይ። ከዚያ አንድ ደብተር አውጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ስሌታቸውን ያሳዩኝ ጀመር። የባቡር ፍሬን ከሚሠራበት ሒሳብ ነው የተነሱት፤ ጽሕፈታቸው የታተመ ይመስላል። አንድ ሰዓት ያህል አስረዱኝ። መምሬ ፀሎት የሚያደርሱ መስለው እንቅልፍ ይዟቸዋል። በመጨረሻ ጋሽ በላቸው ቀሰቀሷቸውና መልሱን ጠየቁ።

አቶ ተፈራ ደብተሩን ዘጉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ጠፋ። «ላስብበት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሳምንት ተመለሱ።»

መምሬ ተነሡ። ሳምንት ጾም ነው አሉ፣ እኛም ከእንግዲህ አንመለስም። ጋሽ በላቸው ተነሡ። የጓዳው በር ተከፈተና ፌቨን ብቅ አለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። የመንገዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ሔኖክ እንደቆመ አውቃለሁ። እኔም ተነሣሁ።

«አቶ ተፈራ፣ ባለጌው እኔ ነኝ። ያን ዕለት የጻፍኩብዎት እኔ ነኝ። በእኔ ጥፋት ልጆቹን አይቅጧቸው።»

መምሬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ በላቸው በማንኛው ባለጌነቴ እንደሆነ ስላልገባቸው ከአንዳችን ወደ ሌላችን ያያሉ። አቶ ተፈራ ግን አልደነገጡም።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ሁለት ተኩል ካልክበት ደቂቃ ጀምሮ አውቄሃለሁ። ያቺን ሴኮንድ ከአንተና ከእኔ በቀር በዓለም ላይ የቆጠራት ሰው የለም።»

«እንግዲያው ለምን አመላለሱን?»

ደብተሩን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ወደ ልጃቸው አላዩም።

«የጻፍከው እውነት ነው» አሉ። «የሚያናግረኝ ሰው የለኝም። እሷ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመጣለች፤ ስትመጣ ደክሟታል። ድሬዳዋ ከሄደች ደግሞ ጭራሹን አይኖረኝም። ሽማግሌ ግን መልስ እስካላገኘ ድረስ ይመለሳል። ሦስት ዓርብ በዚህ ቤት ሰው ተቀመጠ። አራተኛ ፈለግሁ።»

ያቺን አረፍተ ነገር ስጽፍ እንዴት ደስ እንዳለኝ አስታወስኩና አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ጋላክሲ ለማጥፋት የሚፈጀውን ሳሰላ የኖርኩ ሰው፣ አንድን ሰው ቤቱ ውስጥ ለመጣል አንድ መስመር እንደሚበቃ አልገመትኩም።

ፌቨን መጥታ ከአባቷ እግር ሥር ተቀመጠች። «ፓፓ፣ እንግዲህ አልሄድም» አለች። ማን ጠየቀሽ አሏት፤ ድምፃቸው ግን ተሰብሯል። እሷ አልሄድም ብላ ደገመችው፤ ሔኖክም ካልፈለገ ይተወው አለች። መምሬ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሁሉም ነገር በእጄ ላይ ሲፈርስ አየሁት። የእህቴ ልጅ፣ የእህቴ አደራ፣ ሳሎን መሃል የተከፈተው ሻንጣ።

«ልጅዎን ሰጡንም አልሰጡንም» አልኩ፣ «እኔ ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ። ሽማግሌ ሆኜ ሳይሆን እንዲሁ። የምሠራው እዚሁ ነው፤ የትም አልሄድም።»

አቶ ተፈራ ቀና ብለው አዩኝ፤ አየት አድርገው ሳይሆን፣ ሚዛን ላይ እንዳለ ዕቃ ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ።

«ካሙዛኪስ?» አሉ።

መምሬ ገበየሁ ከኋላ ነጠላዬን ጎተቱኝ፤ ፕላኔት ነው በል ማለታቸው ነው። ጋሽ በላቸውም በክርናቸው ጎሸሙኝ። አንድ ቃል ብናገር ልጅቷ የእኛ ነች፤ ባይሆንስ? ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እጄን በሰጠሁ ጊዜ ምን እንደሆኑ ግን ባለፈው ዓርብ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ጋላክሲ ነው» አልኩ።

«ፕላኔት ነው» አሉ አቶ ተፈራ። ከዚያ ወደ መምሬ ዞሩ። «ይመርቁ። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ፌቨን አለቀሰች፤ ጋሽ በላቸውም ካሙዛኪ ማን እንደሆነ ሳያውቁ አለቀሱ። ሠርጉን በሁለት ቀን፣ ጾሙ ሊገባ ሲል እሑድ ጠዋት ደገስን። ሔኖክ የሱሪው ጫፍ ሳይጠለፍለት ተሞሸረ። በማግስቱ ድሬዳዋ ሄዱ።

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ዓርብ ዓርብ ካርቲየ 4 እሄዳለሁ፤ አቶ ተፈራ ደብተራቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል፤ እስኪመሽ እንጨቃጨቃለን። በሦስተኛው ወር ስሌቴን ከመጀመሪያው ደግሜ ሠራሁትና አንድ ቦታ ላይ ስቼ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ አጣራሁ። ፕላኔት ነው፤ እሷም ትንሽ ናት። ወረቀቱን ቀዳድጄ ጣልኩት። እስካሁን አልነገርኳቸውም።